በጥርሱ የተገዛ ካርድ

የአምባራስ ሰው በቅሎ ሲገዛ አይቸኩልም። መጀመሪያ ከሩቅ ያያታል፤ ቀጥሎ ዞሮ ያያታል። ከንፈሯን ገልጦ በጥርሷ ዕድሜዋን ይገምታል፤ ኮቴዋን ያነሣል፤ ጀርባዋን በመዳፉ እየዳበሰ የኮርቻ ቁስል የሸሸገ ጠጉር ይፈልጋል። ከዚያ «እስቲ አስኪዳት» ይላል፤ ያውም ዳገት ላይ። ሜዳ ላይማ የማትሄድ በቅሎ የለችም። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ባለቤቱን «ለምን ትሸጣታለህ?» ብሎ የሚጠይቀው፤ መልሱ ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚመጣም ልብ ይላል።

አማቼ የዚህ ትምህርት ቤት ምሩቅ ነው። ደህናው ጊዜ ሳለ የቱሪስት ጓዝ በበቅሎ ጭኖ ከሳንቃበር እስከ ቧሂት ሲወጣ ሲወርድ የኖረ፣ ኮሮናና ጦርነት ተከታትለው እንግዳውን ሲያርቁበት ደግሞ ወደ ገብሱና ወደ በጎቹ የተመለሰ ሰው ነው። ኮምፒውተርን የሚያውቀው በስም ነው። እኔ የሚስቱ ወንድም ነኝ፤ ደባርቅ ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር እየጠገንሁ እኖራለሁ። ያገለገለ የግራፊክስ ካርድ አገዛዝ ከማን ተማርህ ብትሉኝ ግን የምጠራው እሱን ነው።

ነገሩ የመጣው በልጁ ነው። ልጁ ደባርቅ ቤት ተከራይቶ ይማራል። ስንቁ ከአምባራስ በየጊዜው ይወርድለታል፤ ገብስ፣ ባቄላ፣ ድንች፣ አንዳንዴም የእናቱ ቁጣ በሰው አፍ። ኮምፒውተሩ ከአንድ የፈረንጅ ቢሮ ጡረታ ወጥቶ አገራችን የገባ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው፣ ያውም ቀጭኑ፣ አግድም ተኝቶ ሞኒተር የሚሸከመው ዓይነት። ለጽሑፍ፣ ለትምህርት፣ ለፊልም ምንም አይጎድለውም። ለጌም ግን ሥዕሉን የሚሥልለት ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተወለደው ኢንቴል ኤችዲ 2500 ነውና፣ ኳስ ሲከፈትበት አጥቂው ሳይመታ በረኛው ይወድቃል።

ልጁ የፈለገው «ኤፍሲ 24»ን ነው፤ ድሮ ፊፋ ይባል የነበረውን። ሠሪዎቹ ቢያንስ ይህ ያስፈልጋል ብለው የጻፉት ካርድ ባለ 4 ጊጋው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነው። ፕሮሰሰሩም በወረቀቱ መሠረት ከሚፈለገው በታች ነው፤ ግን ልጅና ጌም በወረቀት አይተዳደሩም። ጨዋታው ብቻውን 100 ጊጋባይት ቦታ ይይዛል። እኛ ዘንድ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የሞባይል ዳታው ራሱ ለወራት ተቋርጦ የከረመ ስለሆነ፣ ይህን ያህል ነገር በኢንተርኔት አወርዳለሁ የሚል ሰው የለም። ጌም ወደ ደባርቅ የሚመጣው በሃርድ ዲስክ፣ በሰው ኪስ፣ በሚኒባስ ነው።

ካርዱ እ.ኤ.አ. በ2016 መገባደጃ ገበያ ላይ ሲውል ዋጋው 139 ዶላር ነበር። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ከ74 ብር በላይ ሆነ፤ ቆየት ብሎም መቶውን ተሻገረ። አዲስ ዕቃ የሚባለው ሐሳብ በዚያው ሞተ። ያገለገለ ዕቃ ሻጭ እንኳ ዋጋ ስትጠይቀው መጀመሪያ ስልኩን ያያል። ልጁም ዋጋውን በብር ቢያየው ስለከበደው፣ አምባራስ ወጥቶ ለአባቱ በሚገባው ገንዘብ ተመነለት፦ «አንድ ሙክት ነው አባዬ።»

ቤተሰብ ተሰበሰበ። እኔም ባለሙያ ተብዬ ተጠራሁ። የመጀመሪያዋ ጠያቂ አያቱ ነበሩ።

«ምን ይሠራል?»

«ሥዕል ይሥላል፣ እምዬ።»

«ለሥዕል ሙክት? የደብሩ ሠዓሊም ይህን ያህል አልጠየቀን።»

«ይህኛው እኮ በሴኮንድ 60 ሥዕል ነው የሚሥለው።»

እምዬ ነጠላቸውን አስተካከሉና «ምን አስቸኮለው?» አሉ። ለዚህ እስካሁን መልስ አላገኘሁም። ቀደም ሲል ልጁ በስልኩ የእኛው አገር ልጆች የሠሩትን «ኩኩሉ» የተባለውን ጨዋታ፣ ዶሮዋ ከአሳዳጇ የምትሸሽበትን፣ አሳይቷቸው ነበር። እሱን ወድደውታል። ዶሮ የምትሮጥበት ምክንያት ይገባቸዋል፤ ሙክትም አልተሸጠበትም።

እህቴ የጠየቀችው ስለ መብራት ነው። ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ አከራይዋ ገና ካሁኑ ፊታቸው ጠቁሯል። ነገርኋት፦ ካርዱ ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ 75 ዋት ነው፤ የእንጀራ ምጣድ ግን ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይስባል። ካርዱ 40 ሰዓት ሙሉ ቢጫወትበት የሚበላው፣ አከራይዋ አንድ ሰዓት ሲጋግሩ ከሚበሉት አይበልጥም። እህቴ ጥቂት አሰበችና «እንጀራው ግን ይበላል» አለች። ክርክሩን ያሸነፈችው በዚህ ቢሆንም ሙክቱ አልተረፈም፤ እናት ናታ።

አማቼ እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ነበር። ዝምታውን የሰበረው ልጁ ሌላ ካርድ ሲያነሣ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰው አርኤክስ 580 የሚባል፣ ባለ 8 ጊጋ፣ ጉልበቱ ከ1050 ቲአይ እጅግ የሚልቅ ካርድ በርካሽ ለሽያጭ አውጥቷል። ልጁ ፎቶውን እያሳየ ዓይኑ በራ።

«ስንት ይበላል?» አለ አማቼ ወደ እኔ ዞሮ።

«185 ዋት።»

«ያኛውስ?»

«75።»

«ሳጥኑ ያለው ቀለብ ስንት ነው?»

የኮምፒውተሩ ፓወር ሰፕላይ ላይ የተለጠፈው ወረቀት 240 ዋት ይላል። ፕሮሰሰሩ ብቻውን እስከ 77 ይወስዳል። ይህን ስነግረው በጣቱ መሬት ላይ ጫር ጫር አደረገና «ለሌሎቹ ከብቶች ምን ተረፈ?» አለ። 185 እና 77 ሲደመር 262 ነው፤ ሌሎቹ ከብቶች ሳይቆጠሩ ጎተራው አልቋል። የኤሌክትሪክ መሐንዲስም ከዚህ የተለየ መልስ አይሰጥም።

እዚህ ላይ አንባቢዬን ለአንድ አፍታ ወደ ሙያዬ ልጎትት። ካርዱ የሚሰካበት ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ረጅም ቀዳዳ ራሱ እስከ 75 ዋት ያደርሳል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ ባለ 6 ወይም ባለ 8 እግር ልዩ ገመድ ይጠይቃል። ከቢሮ የወጡት ቀጫጭን ኮምፒውተሮች ያ ገመድ የላቸውም። «ከሃርድ ዲስኩ ገመድ እንቀጥላለን» የሚሏችሁ አሉ፤ ያ ቀጭን ሽቦ ለዚህ ጭነት አልተሠራም፣ ይቀልጣል። በትንሽ ገንዘብ ካርድ የሚፈልግ ሰው ስለዚህ የሚያማርጠው ከ75 ዋት ከማይበልጡት መካከል ነው፤ 2014 የወጣው ጂቲኤክስ 750 ቲአይ፣ 2016 የወጣው 1050 ቲአይ፣ 2019 የወጣው 1650 (ይህኛው ገመድ የሚጠይቅ ዓይነትም ስላለው ጎኑን ማየት ነው)። ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው። ከእነዚህም ቁመቱ ያጠረው ዓይነት ካልሆነ ቀጭኑ ሳጥን አይከደንም።

እህቴ «ከዚህ የሚረክስ የለም?» ማለቷ አልቀረም። አለ፤ ጂቲ 1030 ይባላል፣ 30 ዋት ብቻ ነው የሚበላው። እሱ ግን አንድ ስም የተሰጣቸው ሁለት ሰዎች ነው። መጀመሪያ የወጣው ፈጣን ማስታወሻ ያለው ነበር፤ በሴኮንድ 48 ጊጋባይት ያመላልሳል። በዓመቱ በዚያው ስም ሌላ ተለቀቀ፤ ማመላለሻው ወደ 17 ገደማ ወረደ። ካርቶኑ ላይ የሚለየው በትንሹ የተጻፈች አንዲት መስመር ናት። ይህን ያደረገው ኩባንያ በዓለም ላይ ከታወቁት ሀብታሞች አንዱ ነው፤ የእኛ ነጋዴ በርበሬ ላይ ሸክላ ቀላቀለ ተብሎ ይታሰራል።

ርካሹ 580 ለምን ረከሰ የሚለውም መልስ አለው። ኤቴሪየም የሚባለው የኢንተርኔት ገንዘብ በእነዚህ ካርዶች ስሌት እየተሠራ ይወጣ ነበር፤ በዓለም ዙሪያ ሰዎች ካርዶቹን በመደርደሪያ ሰልፍ አስይዘው ሌት ተቀን ያሠሯቸው ነበር። እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 2022 ኤቴሪየም አሠራሩን ቀየረና ካርዶቹ በአንድ ቀን ሥራ ፈቱ፤ ወደ ገበያም ጎረፉ። አማቼ ይህን ሲሰማ «ሌት ተቀን የታረሰበት በሬ ነዋ» አለና ፎቶውን ለልጁ መለሰለት። እዚያ ገበያ ውስጥ ፒ106 የሚባልም አለ፤ ለዚሁ ሥራ ብቻ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ የሞኒተር መሰኪያ ጨርሶ የለውም። ሥዕሉን ይሥላል፤ የሚያሳይበት መስኮት የለውም። (እዚህ አገር የኤሌክትሪክ ኃይል እየገዙ ቢትኮይን የሚያወጡት ኩባንያዎች ማሽናቸው ሌላ ነው፤ እነሱ ሲሸጡ ለጌም ይሆነኛል ብላችሁ እንዳትጠብቁ።)

ሙክቱ ተሸጠ። ጎንደር ወረድን፤ አባት፣ ልጅና እኔ። ኪሴ ውስጥ ፍላሽ አለ፤ ፍላሹ ላይ ጂፒዩ-ዚ የምትባል፣ ካርድን ስሙንና ትውልዱን የምትጠይቅ ትንሽ ፕሮግራም። አማቼ ዱላውን ይዟል።

የመጀመሪያው ሻጭ ፈገግታው የሚያምር ወጣት ነው። «ግቡ፣ ፋዘር! አዲስ በሉት፣ ፓኬጁ ራሱ አለ።» ካርዱ ያበራል። ስቲከሩ ያብለጨልጫል። ዋጋውም ሙክቱን አይጨርስም። «ደግሞ ቪጂኤም አለው፣ ለድሮ ሞኒተር» አለ ኮርቶ።

አማቼ ካርዱን በሁለት እጁ ተቀብሎ አገላበጠው። ማራገቢያውን አላየም፤ ስቲከሩንም አላነበበም። ከታች በኩል፣ ማዘርቦርድ ውስጥ የሚገቡትን ወርቃማ እግሮች በመስኮቱ ብርሃን አየ። እግሮቹ ተፋፍቀዋል፤ ብዙ ጊዜ ገብተው የወጡ ናቸው።

«ፊቷ ውርንጭላ፣ ጥርሷ አሮጊት» አለኝ ቀስ ብሎ።

እኔም የበኩሌን ጥርጣሬ ይዣለሁ። እውነተኛው 1050 ቲአይ የሚወለድበት ቤተሰብ የቪጂኤን አናሎግ መስመር ትቶታል፤ ወጣቱ የኮራበት መሰኪያ ራሱ ምስክር ሆኖበታል። ካርዱን ሰክተን ፕሮግራሟን ስንከፍት ከስሙ ፊት ለፊት በቅንፍ ሐሰተኛ መሆኑን ጻፈችልን። ውስጡ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጂቲኤስ 450 ነው። የካርዱ መታወቂያ የሚጻፍበት ትንሽ ቺፕ ተፍቆ በአዲስ ስም ተጽፏል፤ ዊንዶውስም የተጻፈለትን ያነባል። ይህ ማታለል ከቻይና ጀምሮ ዓለምን ያዳረሰ ነው፤ ወጣቱም ተታልሎ ገዝቶት ይሆናል ብዬ ለነፍሱ አስባለሁ። አማቼ ግን «እግዜር ይስጥልን» ብሎ ዱላውን አነሣ።

ሁለተኛው ሻጭ ቤቱ ተቀበለን። ካርዱ አቧራ ለብሷል፤ አጭር ቁመት ያለው፣ ማራገቢያው ትንሽ የሚያንጎራጉር። አማቼ ጥርሱን አየ፤ ጎኑን ዳበሰ፤ የተቃጠለ ነገር እንዳይሸት አሸተተው። ከዚያ ያቺን ጥያቄ ጣለ።

«ልጄ፣ ለምን ትሸጠዋለህ?»

«ላገባ ነው» አለ ሰውዬው፣ ትንፋሽ ሳይወስድ። «ወይ እኔን ወይ እሱን ብላኛለች።»

አማቼ ወደ እኔ ዞሮ ራሱን ነቀነቀ፤ ምስክርነቱ ተቀባይነት አገኘ። ከኋላ ጓዳ የዕቃ ኮሽታ ይሰማ ስለነበር እጮኛዋም የምትሰማን ይመስለኛል፤ ዋጋው በኋላ የወረደው ለዚህ ይሆናል።

ቀረ ዳገቱ። ካርድን ሙሉ ጉልበቱን አውጥቶ የሚያስለፋ ፈርማርክ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ጠጉራም ቀለበት እያሽከረከረ ካርዱን ያስለከልከዋል። የታመመ ካርድ በደቂቃዎች ውስጥ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብና መስመር ያወጣል፣ ወይም ኮምፒውተሩን ያጠፋል። አማቼ ሰዓት አላየም። መዳፉን ከሳጥኑ አጠገብ ዘርግቶ ትኩሳቱን እየለካ፣ ማራገቢያውን እየሰማ ቡና እስኪፈላ ተቀመጠ። ሰባዎቹ ዲግሪ ላይ ደርሶ ቆመ፤ ሥዕሉ አልተበላሸም። «ይወጣል» አለ አማቼ። ስለ ዋጋው ክርክር የምነግራችሁ ሁለት ጊዜ ተሰናብተን መውጣታችንንና ሁለቱንም ጊዜ መጠራታችንን ብቻ ነው።

ደባርቅ ስንመለስ ካርዱ ሳጥኑ ውስጥ አልገባ አለ። ካርዱ አጭር ነው፤ ጫፉ ላይ የታሰረችው፣ ከሳጥኑ ጀርባ ጋር የምታያይዘው ብረት ግን ረጅሟ ናት። አጭር ካርዶች ከፋብሪካ ሲወጡ ረጅሟ ብረት ታስራባቸው፣ አጭሯ ካርቶኑ ውስጥ ለብቻዋ ተቀምጣ ነው። የሙሽራው ካርቶን የት እንደደረሰ ሙሽራውም አያውቅም።

መፍትሔው በርና መስኮት የሚሠራው የብረታ ብረት ቤት ነበር። ባለሙያው ካርዱን ተቀብሎ በመለኪያው ለካ፣ በኖራ ምልክት አደረገና ግራይንደሩን አስነሣ፤ ከነካርዱ ሊቆርጠው። ልጁ የጮኸው ጩኸት ሊማሊሞ ድረስ ተሰምቷል። ብሎኖቹን ፈትተን ብረቷን ብቻ ሰጠነው፤ ቆርጦ፣ ጫፏን አጥፎ፣ ሞርዶ መለሰልን። ሒሳብ ስንለው «ለበር የማይሆን ብረት ሒሳብ የለውም፤ ጨዋታው ሲጀመር ልጄን አስገቡልኝ» አለ።

ከዚያ ሞኒተሩ። የልጁ ሞኒተር ቪጂኤ ብቻ ነው ያለው፤ ካርዱ ደግሞ፣ እውነተኛ ስለሆነ፣ ቪጂኤ የለውም። ኤችዲኤምአይን ወደ ቪጂኤ የምትቀይር፣ ውስጧ ቺፕ ያላት ትንሽ መቀየሪያ ያስፈልጋል፤ ባዶውን የሚያገናኝ ገመድ አይሠራም። የስልክ ሽፋን ከሚሸጥበት ሱቅ ተገኘች። ስታብላይዘሩም በዚያው ተገዛ፤ እኛ ጋ መብራት ሲሄድ ችግር የለውም፣ ሲመጣ ነው። የሙክቱ ገንዘብ ያለቀውም እዚህ ላይ ነው፤ የቀረውን አጎት ሞላ።

የደባርቅ ብርድ ለካርድ መልካም ነው የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ሌሊቱ ካርዱን ያስተኛዋል። ነገር ግን በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ማራገቢያው ያንኑ ያህል ሲሽከረከር የሚያገኘው አየር ትንሽ ነው። ላይ አምባራስ ቢወጣ ደግሞ ይብስበታል። ብርዱ የሰጠውን ከፍታው ይወስድበታል። አቧራውንና የከሰል ጢሱን በየጊዜው በብሩሽ መጥረግ፣ ቺፑና ማቀዝቀዣው መካከል የደረቀውን ፔስት መቀየር ይጠቅማል። በጥርስ ሳሙና የሚተኩትን አውቃለሁ፤ ለጥቂት ቀን ይሠራል፣ ከዚያ ይደርቃል፣ ከዚያ ወደ እኔ ይመጣሉ።

ጨዋታው ተከፈተ። ሥዕሉ መካከለኛ ላይ ተደርጎ አጥቂው መታ፣ በረኛው ከዚያ በኋላ ወደቀ፤ ቅደም ተከተሉ ተስተካከለ። የብረታ ብረት ባለሙያው ልጅም እንደ ቃላችን ገብቷል። አማቼ ከበስተኋላ ቆሞ ጥቂት አየና «እነዚህ ሰዎች አይደክማቸውም?» ብሎ ጠየቀ። አይደክማቸውም አልነው። «እንግዲያ ምኑን ተጫወቱት» ብሎ ወደ ሚኒባሱ ሄደ።

እኔ ግን አንድ ልመና አለኝ፤ ከዱባይም ከዋሽንግተንም ለዘመድ ካርድ ለምትልኩ። የምትልኩለት ሰው ኮምፒውተሩን ከፍቶ የፓወር ሰፕላዩን ወረቀት ፎቶ አንሥቶ ሳይልክላችሁ አትግዙ። ሻንጣ ሞላ ብላችሁ ካርቶኑን ስትጥሉ ደግሞ ውስጡን ዳብሱት፤ አጭሯ ብረት በትንሽ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አለች። እሷን ላኩልን፤ እዚህ ያለው ግራይንደር ሁልጊዜ ጩኸት አይሰማም።